አምሳያው የሚያሳየውና የሚሰውረው

ስለ እንፋሎት ባቡር ሞዴልና ስለ ጋፋቱ ሴባስቶፖል

ለማንኛውም የኪነ ጥበብ ሥራ ሁለት ጥያቄዎች ይቀርባሉ። አንደኛው ሥራው ምን አሳየ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ምን ሰወረ የሚል ነው። ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ ልብ ወለድና ቴአትር በእነዚህ ጥያቄዎች ሲመዘኑ ኖረዋል። አንድ ዘርፍ ግን እንደ ልጆች መጫወቻ ወይም እንደ ሳሎን ጌጥ ብቻ እየተቆጠረ የሂስ ሚዛን ሳይነካው ቀርቷል። ይኸውም የሞዴል ሥራ፣ ማለትም አንድን ማሽን፣ ሕንፃ ወይም መሣሪያ መጠኑን ጠብቆ በማሳነስ ወይም መልኩን በመቅዳት አምሳያውን የመሥራት ጥበብ ነው።

ጉዳዩ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በትምህርት ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ በቤተ መዘክር መስታወት ውስጥና በአደባባይ መካከል የሚቆሙትን አምሳያዎች ከብዙ መጻሕፍት አንባቢ የበለጠ ሰው ያያቸዋል። ፊደል ያልቆጠረውም ያያቸዋል። ሕፃኑ ስለ ታሪክ የመጀመሪያውን ሐሳብ የሚቀርፀው አብዛኛውን ጊዜ ከሚያነበው ሳይሆን ከሚያየው ነው። አምሳያው ታሪክን አጉድሎ ካቀረበም ጉድለቱ በለጋ አእምሮ ውስጥ ሥር ይሰዳል። ስለዚህ አምሳያ በምን ሊመዘን ይገባል? መመዘኛው በአጭሩ ይህ ነው፤ አምሳያ የመሣሪያውን መልክ ብቻ ሳይሆን፣ መሣሪያው ከሠራው፣ ካንቀሳቀሰውና ከተሸከመው ሰው ጋር ያለውን ግንኙነት ካላሳየ፣ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ ግማሽ እውነት ነው።

ይህንን ለማስረዳት ሁለት አምሳያዎችን ጎን ለጎን እናቀርባለን። አንደኛው የጥንት የእንግሊዝ ባለ ታንክ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሞዴል ነው። ሁለተኛው በአዲስ አበባ በቸርችል ጎዳና፣ በቴዎድሮስ አደባባይ ለብዙ ዓመታት ቆሞ የታየው የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ነው። ሁለቱን ምን አገናኛቸው ብሎ ለሚጠይቅ አንባቢ መልሱ 1860 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የእንግሊዝ ባለ ታንክ ሎኮሞቲቮች በቀይ ባሕር ዳር ሲጮኹ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የቀለጠው መድፍ ደግሞ በሰው ጉልበት ወደ መቅደላ ይጓዝ ነበር።

የመደርደሪያው ባቡር

በቅድሚያ ስለ ባቡሩ እንናገር። ባለ ታንክ ሎኮሞቲቭ የሚባለው ውሃውንና የድንጋይ ከሰሉን በስተኋላ በሚጎተት ሌላ ጋሪ ሳይሆን በራሱ አካል ላይ የሚሸከም ነው። ውሃው አብዛኛውን ጊዜ በቦይለሩ ግራና ቀኝ በተገጠሙ ታንከሮች ይቀመጣል፤ ከሰሉም ከነጂው ጀርባ ይከማቻል። ይህ አሠራር ሎኮሞቲቩን አጭር፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ያለ ችግር የሚሄድ፣ ለአጭር መስመርና ለጠባብ ጣቢያ የሚመች ያደርገዋል። ሩቅ ጉዞ ግን አይችልም፤ ውሃው ቶሎ ያልቅበታልና።

ከዚህ ዘር በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ እጅግ ከሚወደዱት አንዱ ቴሪየር የተባለው ነው። ዊሊያም ስትራውድሊ ለለንደን፣ ብራይተንና ሳውዝ ኮስት የባቡር ኩባንያ የነደፈው ይህ ሎኮሞቲቭ እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1880 ድረስ በ50 ቍጥር ተሠርቷል። ስድስቱም መንኰራኵሮቹ በአንድነት የሚነዱ፣ ክብደቱ 28 ቶን ያህል፣ ርዝመቱም 8 ሜትር ገደማ ነው። ስሙን ያገኘው ከትንሿና ቁጡዋ የእንግሊዝ ውሻ ነው። ከመካከላቸው አንዱ እ.ኤ.አ. በ1878 በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳልያ ተሸልሟል። ጥቂቶቹ እስከ ዛሬ ተጠብቀው ሲገኙ፣ ቦክስሂል የተባለው በዮርክ ብሔራዊ የባቡር ቤተ መዘክር ይታያል።

የዚህ ሎኮሞቲቭ ሞዴል በእንግሊዝ አገር በብዙ መጠን ይሠራል። በብዛት የሚገኘው በ1 ለ76 መጠን የሚሠራው ነው። በዚህ መጠን 8 ሜትሩ ሎኮሞቲቭ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ በመዳፍ ላይ ይቀመጣል። የሚያስደንቀውም ጥንቃቄው ነው። የጢስ መውጫው የመዳብ አንገት፣ የቦይለሩ መቀነቻ፣ የመንኰራኵሩ ዘንጎች ሁሉ በየቦታቸው ናቸው። ስትራውድሊ ለመንገደኛ ባቡሮቹ የመረጠው ቀለምም ሳይቀር ተጠብቋል፤ ይህ ቀለም በኩባንያው መዝገብ «አረንጓዴ» ይባል እንጂ ለዓይን ወርቃማ ቢጫ ነው። ሞዴል ሠሪው መዝገቡን ሳይሆን ዓይኑን አምኖ ቢጫ ቀብቶታል።

ይህን ጥበብ ከመንቀፍ በፊት የሚገባውን ምስጋና መስጠት ያስፈልጋል። የሞዴል ሥራ በእንግሊዝ የሀብታም ጨዋታ ብቻ ሆኖ አልኖረም። እ.ኤ.አ. በ1898 ፐርሲቫል ማርሻል «ሞዴል ኢንጂነር» የተሰኘውን መጽሔት ሲያቋቁም፣ በማታ በትንሽ መሥሪያ ክፍሉ ብረት የሚሞርደውን የእጅ ባለሙያ አስተምሯል። በዚያ ወግ የታነጹ ሠራተኞች ከ1 ለ76 እጅግ በሚበልጥ መጠን፣ በ5 ኢንች ሐዲድ ላይ የሚሄዱና በእውነተኛ እሳትና እንፋሎት የሚነዱ ሞዴሎችን ሠርተዋል። እነዚህ ሞዴሎች ጥቂት ሰዎችን በጋሪ አስቀምጠው ይጎትታሉ። እጅን ከአእምሮ ጋር ያስተባበረ ሥራ ሁሉ ክብር ይገባዋል።

ሆኖም በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጠውን ትንሹን ሞዴል ቀረብ ብለን ስንመረምር ሦስት ነገሮች ጎድለው እናገኛለን።

አንደኛው ኃይሉ ነው። ነገር በ76 እጅ ሲያንስ ርዝመቱ በ76 ቢካፈልም መጠነ ይዘቱ ግን በ76 ሦስት ጊዜ፣ ማለትም ከ438 ሺህ በላይ በሆነ ቍጥር ይካፈላል። 28 ቶኑ ሎኮሞቲቭ በዚህ ስሌት 64 ግራም ያህል ብቻ ይሆናል። እሳትና ውሃ ግን እንደ ቆርቆሮ በመቀስ ተቆርጠው አያንሱም። በዚህ መጠን ትንሽ ቦይለር ሙቀቱን ወዲያው ስለሚያጣ፣ ሞዴሉ በኤሌክትሪክ ሞተር እንዲነዳ ግድ ሆኗል። እንፋሎት የሌለው የእንፋሎት ባቡር ማለት ነው።

ሁለተኛው ሐዲዱ ነው። ሞዴሉ የሚሄድበት የሐዲድ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ መጠኑ በትክክል ቢጠበቅ ግን ወደ 19 ሚሊ ሜትር ይጠጋ ነበር። ሎኮሞቲቩ በአንድ ሚዛን፣ መንገዱ በሌላ ሚዛን ተሠርቷል። ይህ ትንሽ የአሠራር ጉዳይ ቢመስልም ትርጉም አለው፤ አምሳያ ሠሪ የሚሳሳለት ለማሽኑ እንጂ ለመንገዱ አይደለም። ይህንን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ ወደ በጌምድር ገደሎች ስንደርስ እንመለስበታለንና።

ሦስተኛውና ዋናው ሰው ነው። በቴሪየሮቹ ጎን ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፉት ስሞች ስቴፕኒ፣ ፖፕላር፣ ዋፒንግ፣ ሻድዌል የሚሉ ነበሩ። እነዚህ የለንደን ወደብ ወዛደሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ስሞች ናቸው። ከዚህም በላይ ስትራውድሊ እያንዳንዱን ሎኮሞቲቭ ለአንድ ነጂ በአደራ የመስጠትና የነጂውንም ስም በመንጃ ክፍሉ ውስጥ በቀለም የማስጻፍ ልማድ ነበረው። ካፒታሊስቱ ኩባንያ ይህንን ያደረገው ነጂው ማሽኑን እንደ ራሱ ንብረት ተንከባክቦ ከሰል እንዲቆጥብ ለማድረግ ሊሆን ይችላል። ያም ሆነ ይህ የሠራተኛው ስም በማሽኑ ውስጥ ነበር። በ10 ሳንቲ ሜትሩ ሞዴል ላይ የሰፈሩ ስም ይነበባል፤ የሰውየውን ስም ግን ዓይን ሊያነበው አይችልም። መጠኑ ሲያንስ በመጀመሪያ የጠፋው የሠራተኛው ስም ነው።

በዙላ የጮኸው ባቡር

ይህ ሁሉ ለደብረ ታቦርና ለገሳይ ደጋ ሰው ምኑ ነው ይባል ይሆናል። ከጉና ግርጌ ያለው አገር እስከ ዛሬ ሐዲድ አልደረሰበትም። ቃሉ ግን ከሐዲዱ ቀድሞ ደርሷል። «ባቡር» የሚለው ቃል እንፋሎት ከሚል የአውሮፓ ቃል ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል ወደ እኛ የመጣ ነው። በገጠራችን እህል የሚፈጨው ሞተር ባቡር ሲባል፣ በሐዲድ የሚሄደው ደግሞ ከዚያ ተለይቶ የምድር ባቡር ተብሏል። ሕዝቡ ስሙን የሰጠው ለቅርጹ ሳይሆን ለሥራው ነው። ወፍጮና ባቡር በመልክ አይመሳሰሉም፤ ሁለቱም ግን የሰውን ጉልበት በሞተር ይተካሉ። ይህ የገበሬው ስም አወጣጥ ከብዙ ሞዴል ሠሪ ይልቅ የነገሩን ፍሬ ያገኘ ነው።

የእንግሊዝ ባለ ታንክ ሎኮሞቲቭ ግን በመደርደሪያ ሳይሆን በእውነተኛ አካሉ ወደ አካባቢያችን የመጣበት ጊዜ ነበር። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራው ጦር ግንባር ቀደም ክፍል ከምፅዋ በስተደቡብ በዙላ የባሕር ሰላጤ ወረደ። ከ13 ሺህ ያላነሰ ወታደር፣ ከዚያም የሚበልጥ ተከታይ፣ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር የጭነት እንስሳና 44 ዝሆኖች የተሰለፉበት ዘመቻ ነበር። ከወደቡ ተነሥቶ እስከ ኩማይሌ፣ ማለትም እስከ ተራራው ግርጌ የሚዘልቅ 18 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት ተወሰነ። ከጅቡቲ የሚነሣው መስመር ሥራ ከመጀመሩ 30 ዓመት ያህል ቀድሞ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ የመደርደሪያው አምሳያ ከእውነቱ ጋር ፊት ለፊት ይጋጠማል። በዙላ የነበሩት ሎኮሞቲቮች የሚያብለጨልጭ ቢጫ የተቀቡ አልነበሩም። ከሕንድ የተጫኑ፣ ብዙ ያገለገሉና ጥገና የማይለያቸው ነበሩ። ሐዲዶቹም አንድ ዓይነት አልነበሩም። ግንባታው እየተጓተተ ወራት ፈጀ። የዙላ ሜዳ የሚጠጣ ውሃ የሌለበት በረሃ በመሆኑ፣ ለሰውና ለእንስሳ የሚሆነው ውሃ ከባሕር እየተቀዳ በእንፋሎት መርከቦች ማሽን ይጣራ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ በቅሎዎች በበሽታና በውሃ ጥም አለቁ። ሐዲዱን ያነጠፉት ከሕንድ የመጡ ወታደሮችና የጉልበት ሠራተኞች ነበሩ። የቅኝ ተገዥው ጉልበት ሌላ ነፃ አገር ለመውረር ተሰለፈ ማለት ነው።

እንፋሎትም በተራራው ግርጌ አበቃ። ከዚያ በኋላ ለነበረው ወደ 600 ኪሎ ሜትር ለሚጠጋ ጉዞ ከባድ መድፎችን የተሸከሙት ዝሆኖች፣ ስንቁን የተሸከሙት በቅሎዎችና ሰዎች ነበሩ። ጦሩ እህልና መኖ ከየአካባቢው ገበሬ መግዛት ነበረበት። ዘመቻው ካበቃ በኋላ ባቡሩ ተነቅሎ ተጫነ። ለኅብረተሰቡ ግልጋሎት የተዘረጋ ሐዲድ ሳይሆን ለአንድ ወረራ የተዘረጋ ስለ ነበረ ከወረራው ጋር አብሮ ሄደ። አንድ ማሽን የሚያመጣው ዕድገት በማሽኑ ሳይሆን በባለቤቱና በዓላማው እንደሚወሰን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የጣናው መንኰራኵር

በዚያው ዘመን በዚህ በኩል ምን ይደረግ ነበር? ዐፄ ቴዎድሮስ የእንፋሎትን ትርጉም ከዘመናቸው መሳፍንት ቀድመው የተረዱ ሰው ነበሩ። በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ ቍጣቸውም በቆንስሉና በሌሎች አውሮፓውያን እስራት ተገለጠ። በ1858 ዓ.ም. ሚስዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ሲልኩ ከጠየቋቸው ባለሙያዎችና መሣሪያዎች መካከል ለብረት ማቅለጫ የሚያገለግል አነስተኛ የእንፋሎት ሞተር ነበረበት። የእንግሊዝ መንግሥት ባለሙያዎችንና ማሽኖችን እስከ ምፅዋ ላከ፤ እስረኞቹ ስላልተፈቱ ግን ከምፅዋ አላለፉም። ሰላማዊው እንፋሎት ከምፅዋ ተመለሰ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የጦሩ እንፋሎት በዙላ ገባ።

ይህ በሆነበት ዘመን ንጉሡ በጣና ዳር ያሠሩት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ለርእሳችን የተለየ ዋጋ አለው። እስረኛ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እንደ መሰከረው፣ ቴዎድሮስ በእንፋሎት መርከብ አምሳል ትላልቅ የደንገል ጀልባዎችን አሠርተው ነበር። በጀልባዎቹ ጎንና ጎን የእንጨት መንኰራኵሮች ተገጠሙ። መንኰራኵሮቹን የሚያዞረው ግን እንፋሎት አልነበረም፤ እንደ መሳያ ድንጋይ በእጅ የሚዘወር መዘውር ነበር።

አውሮፓዊው ታዛቢ ይህንን በፈገግታ አይቶት ይሆናል። እኛ ግን ከመደርደሪያው ባቡር ጋር እናስተያየው። የእንግሊዙ ሞዴል የእንፋሎት መልክ አለው፤ ኃይሉ ተሰውሯል፤ ሰው የለበትም። የጣናው ጀልባ የእንፋሎት መልክ ብዙም የለው ይሆናል፤ ኃይሉ ግን በግልጽ ይታያል፤ ሰው ነው። አንደኛው ያለፈ ቴክኒክ ማስታወሻ ሲሆን ሁለተኛው ገና ያልተገኘ ቴክኒክ ምኞት ነው። ከሁለቱ በመዘውሩ ላይ የተጣበቁትን እጆች ያልደበቀው የጣናው ነው። በዚህ መመዘኛ የደንገሉ ጀልባ የበለጠ እውነተኛ አምሳያ ነበር።

ሴባስቶፖልና አምሳያው

አሁን ወደ ጋፋት እንውጣ። ከደብረ ታቦር ብዙ ሳይርቅ ባለው በዚህ ኮረብታ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ከስዊስ የክሪሾና ማኅበር የመጡ የእጅ ሙያ ያላቸው ሚስዮናውያንን አስፍረው የመሣሪያ መሥሪያ አቋቁመው ነበር። ቴዎፊሎስ ቫልድማየር፣ ካርል ዛልሙለርና ከእነርሱ ጋር የሠራው ሞሪትዝ ሆል በታሪክ ስማቸው ተመዝግቧል። ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም በዚያ የእጅ ሙያ ተምረዋል። መድፍ የማቅለጡ ሙከራ በመጀመሪያ ከሸፈ፤ ደጋግመው ሞከሩ፤ ኋላም ተሳካ። ከሥራዎቹ ሁሉ ታላቁ 7 ቶን ወይም 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው መድፍ ሲሆን፣ በክሪሚያ ጦርነት ዝናው በተሰማው ምሽግ ስም ሴባስቶፖል ተባለ።

እዚህ ላይ አንድ ማኅበራዊ እውነት መነሣት አለበት። ጋፋት የተቋቋመችበት ኅብረተሰብ ብረት ቀጥቃጩን ባለ እጅ፣ አልፎም ቡዳ እያለ የሚያንቋሽሽ ነበር። ማረሻውን፣ ማጭዱንና ጦሩን ከእጁ እየተቀበለ ማዕዱን ግን አይካፈለውም ነበር። በጎንደር ምድር ይህን ንቀት ከሌሎች ጋር ቤተ እስራኤላውያን ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ተሸክመውታል። ንጉሥ በወናፍና በእሳት አጠገብ ቆሞ የሚውልበት መሥሪያ ቤት መከፈቱ ራሱ ለዚያ አስተሳሰብ ፈተና ነበር። አስተሳሰቡ ግን በአንድ መድፍ አልፈረሰም። የአውሮፓውያኑ ስም ሲጻፍ፣ ወናፍ የነፉት፣ ከሰል ያከሰሉትና ሸክላውን የለነቀጡት ኢትዮጵያውያን ስም ሳይጻፍ ቀረ። የቴሪየሩ ነጂ ስም በሞዴሉ መጠን ማነስ ጠፋ፤ የጋፋቱ ሠራተኛ ስም ግን ከመነሻውም አልተጻፈም።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የእንግሊዝ ግንባር ቀደም ጦር በዙላ በወረደበት በዚያው ወር፣ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ጉዞው እስከ መጋቢት ድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። አቅጣጫው ዛሬ ከደብረ ታቦር በገሳይ በኩል ወደ ነፋስ መውጫ የሚሄደው መንገድ የሚያቋርጠው የምሥራቅ ደጋ ነበር፤ ከዚያም በጨጨሆ አድርጎ ወደ ዋድላና ወደ ደላንታ ያልፋል። መድፎቹ በጋፋት በተሠሩ ባለ መንኰራኵር ጋሪዎች ላይ ተጭነው በመቶ በሚቆጠሩ ሰዎች ይጎተቱ ነበር። መንኰራኵር የሚሄድበት መንገድ ስላልነበረ መንገዱ በየዕለቱ ከፊት ከፊት መሠራት ነበረበት። ቋጥኝ ተፈነቀለ፤ ገደል ተቆረጠ። ንጉሡም በእጃቸው ድንጋይ ሲያነሡ ታይተዋል። በጅዳና በበሽሎ ሸለቆዎች ላይ የተቀየሰው መንገድ ያዩትን የእንግሊዝ መኮንኖች አስደንቋል። ከዚህም በላይ የናፒየር ጦር ራሱ ወደ መቅደላ ሲገሠግሥ በዚሁ የንጉሥ መንገድ ተጠቅሟል። የእንግሊዝ ሐዲድ በተራራው ግርጌ ሲቆም፣ በእጅ የተሠራው የበጌምድርና የወሎ መንገድ ወራሪውን ጭምር ተሸከመ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች፤ ቴዎድሮስም ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ። ሴባስቶፖል ግን ከዚያ አምባ አልወረደም፤ ዛሬም በዚያው ይገኛል።

ይህንን ታሪክ ይዘን በቸርችል ጎዳና የቆመውን አምሳያ ስንመዝን ምን እናገኛለን? በመጀመሪያ መልካሙን እንናገር። በእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ስም በተጠራ ጎዳና ላይ እንግሊዝን የተቋቋመ ንጉሥ መድፍ ማቆም ራሱ ንግግር ነው። አምሳያው ለመንገደኛው የመድፉን ግዙፍነት በአንድ እይታ ያስረዳል። መቅደላ ድረስ ሊሄድ የማይችለው የከተማ ሕፃን ሴባስቶፖልን የሚያውቀው በእርሱ ነው።

ሆኖም ጉድለቱ የመደርደሪያው ባቡር ጉድለት ነው። መድፉ አለ፤ ወናፉ የለም። ክብደቱ አለ፤ ክብደቱን የጎተቱት እጆች የሉም። በአስፋልት መካከል የቆመ መድፍ ገደል ለመውጣት ስድስት ወር እንደ ፈጀበት አይናገርም። ተመልካቹ አንድ ንጉሥ ታላቅ መድፍ ነበረው ብሎ ያልፋል። ታሪክ የነገሥታት ንብረት ዝርዝር ይሆናል። በሥነ ጽሑፋችንም ቢሆን ዝንባሌው ተመሳሳይ ነው። የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ም ሆነ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ከርእሳቸው ጀምሮ የሚያመለክቱት ወደ ሰውየው ነው። ይህ ለደራሲ መብቱ ነው፤ ታላቅ ሰብእና ታላቅ ድርሰት ይወልዳልና። ነገር ግን ሰውየውን ደራሲው ከወሰደው፣ መሥሪያ ቤቱንና መንገዱን ቅርጻ ቅርጽ ሠሪው ሊወስድ በተገባው ነበር።

ሌላም የተሰወረ አለ፤ እርሱን መናገር ይከብዳል፤ ግን መነገር አለበት። መድፉን የጎተቱት እጆች ሁሉ በፈቃዳቸው የመጡ አልነበሩም። ከዚያ ጉዞ በፊት በነበሩት ዓመታት የንጉሡ ጦር በጌምድርን ዘርፏል፤ ጎንደርም በ1859 ዓ.ም. ተቃጥላለች። የጭሰኛው ጎተራ ተራቁቶ፣ በሬው ታርዶ፣ ቤቱ ነድዶ ነበር። አንድነትንና ሥልጣኔን የተመኘው ንጉሥ ምኞቱን የጫነው በገበሬው ጫንቃ ላይ ነው። የአንድነቱን ራእይ ብቻ የሚያሳይ አምሳያ ገበሬውን ይክዳል፤ የጭካኔውን ታሪክ ብቻ የሚያሳይም ጋፋትን ይክዳል። የፋርጣና የጋይንት ልጅ ሁለቱንም የማወቅ መብት አለው፤ አያቶቹ በሁለቱም ወገን ነበሩና።

ገደሉ በመደርደሪያ አይገባም

እንግዲህ የሚሻለው አምሳያ ምን ይመስላል? መልሱን ለመፈለግ ወደ 1 ለ76 መጠን እንመለስና ሒሳቡን በእኛ አገር ላይ እንሥራ። በዚህ መጠን የዙላው ሐዲድ 240 ሜትር ያህል ርዝመት ይኖረዋል። የአንድ ሰው ቁመት ከ2 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ሴባስቶፖል 16 ግራም ይመዝናል፤ በሁለት ጣት ይነሣል። የበሽሎ ሸለቆ ግን ከደላንታ አፋፍ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በ1 ለ76 ሲያንስ 13 ሜትር ነው፤ ከአራት ፎቅ ሕንፃ ይበልጣል። መድፉ በኪስ ሲገባ ገደሉ በአዳራሽ አይገባም።

ይህ ሒሳብ ጨዋታ አይደለም። የሞዴል ሥራ ስውር ሕግ እዚህ ላይ ይገለጣል፤ ማሽኑ በቀላሉ ያንሳል፤ ምድሩና ድካሙ ግን አያንሱም። ሞዴል ሠሪው የማያንሰውን ሁሉ ስለሚተው፣ ተመልካቹ ማሽኑን ብቻ ያያል፤ ታሪክን የሠራው ማሽኑ ይመስለዋል። የቴሪየሩ ሐዲድ ከመጠኑ መጥበቡም የዚሁ ሕግ ትንሹ ምልክት ነበር።

ስለዚህ የደብረ ታቦርና የአካባቢው መምህራን፣ የሥነ ጥበብ ባለሙያዎችና የባህል ሠራተኞች ሊሞክሩት የሚገባ አንድ ሥራ እንጠቁማለን። ወርቅና ነሐስ አያስፈልገውም፤ ጭቃ፣ እንጨት፣ ገመድና የቆርቆሮ ቁራጭ ይበቃል። በአንድ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ነገሮች በአንድ መጠን ጎን ለጎን ይቁሙ። በአንድ በኩል የዙላው ባለ ታንክ ሎኮሞቲቭ ከአጭር ሐዲዱ ጋር፣ ሐዲዱን ከሚያነጥፉት የሕንድ ሠራተኞችና ውሃ ከሚያጣራው መርከብ ጋር ይሁን። በሌላ በኩል ሴባስቶፖል ከነጋሪው፣ ከሚጎትቱት በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ የጭቃ ሰዎች ጋር ይሁን። ከኋላቸው ወናፉና ማቅለጫው፣ ከዚያም የተቃጠለው መንደር ይታይ። ገደሉ ደግሞ በግድግዳው ላይ እስከ ጣሪያ ድረስ ይሣል፤ ተማሪው አንገቱን አቅንቶ ይየው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የጭቃ ሰው ሠርቶ ገመዱን ቢያስይዘው፣ አንድ ሰው ለመሥራት የሚፈጀውን ጊዜ ሲቆጥር የመንገዱን ክብደት በጣቶቹ ይረዳል። ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩም እንደ አስተማሪ ተጋብዘው በክብር ወንበር ይቀመጡ። የጋፋትን ትምህርት ከዚህ የተሻለ የሚያስተላልፍ አይገኝም።

እንዲህ ያለው ሥራ የእንግሊዙን ሞዴል ጥንቃቄ ይወርሳል፤ ጠባብነቱን ግን አይወርስም። ከመደርደሪያው ባቡር የምንማረው ትክክለኛነትን ነው፤ የእያንዳንዱ ዘንግ ቦታ መታወቅ አለበት፤ የሴባስቶፖልም ጋሪ እንዲሁ። ከጣናው የደንገል ጀልባ የምንማረው ደግሞ ግልጽነትን ነው፤ መዘውሩን የሚያዞረው እጅ መታየት አለበት። ቅርጽ ያለ ይዘት ባዶ ቆርቆሮ፣ ይዘትም ያለ ቅርጽ ባዶ ጩኸት መሆኑን ከሁለቱ ልናረጋግጥ እንችላለን።

ለማጠቃለል፣ የጥንቱ የእንግሊዝ ሎኮሞቲቭ ሞዴል የሚናቅ ሥራ አይደለም፤ የሴባስቶፖልም አምሳያ ከአደባባይ ይነሣ አይባልም። የሁለቱም ጉድለት ብረቱን አክብረው ሰውየውን መርሳታቸው ነው። በስድስት ወር ጉዞ ከጋፋት እስከ መቅደላ የተገፋው 70 ኩንታል ነሐስ ብቻ አልነበረም፤ የአንድ ትውልድ ምኞትና የብዙ ሺህ ገበሬዎች መከራ አብሮት ነበር። ይህን ሁሉ ሊያሳይ የሚችል አምሳያ በደብረ ታቦር ቢሠራ፣ ስሙ ያልተጻፈው የጋፋት ወናፍ ነፊ ዘግይቶም ቢሆን በሥራው አጠገብ ይቆማል።